አምስት ሐይቆች በሰበታ ታክሲ

ከጉዞው ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። ታሪኩን ያልነገርኩት ሰው ሰበታ ውስጥ የቀረ አይመስለኝም። የፎቶ ኮፒ ሱቄ ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ስለሆነ፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሁሉ «መኪናችሁን በሬ ጎተተው የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ይጀምራል። አዎ ስል ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሥራ ልፈታ ደረስኩ። ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው አንድ ቅጂ ወስዶ ቤቱ ያንብብ። በተለይ ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ ይድረሳት፤ እሷ ከዓለም ገና ማዶ ያለው አገር ሁሉ ያጥወለውለኛል ብላ መኪና ከተሳፈረች ዓመታት ሆኗታል።

ነገሩን ያመጣችው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሲፈን ናት። ስልኳ ላይ አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ፣ የባሕር ዳርቻ ይዞ ከፓርክ ፓርክ እየዞረ፣ በድንኳን እያደረ ሲዝናና አየችና አበደች።

«እኛ ባሕር የለንም» አልኳት።

«ሐይቅ አለና! አንድ መንገድ ላይ አምስት ሐይቅ፣ ፓርክም አለው። ጂኦግራፊ ላይ ተምረናል።»

«ድንኳንስ?»

«እሱ ይገዛል።»

ባለቤቴ ደሳለኝ እምቢ ይላል ብዬ ተማመንኩ። ደሳለኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ ሲመላለስ ኖሯል። የነዳው ሁሉ ቢደመር ዓለምን ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ሞጆን ግን አይቶ አያውቅም። ሲፈን ሐሳቡን ስትነግረው ግን፣ «መኪናዋም እኮ ሌላ መንገድ አይታ አታውቅም» አለ። በማግስቱ ቡራዩ ካለ አንድ ሰው ሁለት አሮጌ ድንኳን ገዝቶ መጣ።

ይሄ ሁሉ ችግር አልነበረውም። ችግሩ ሲፈን ማንንም ሳታማክር ለአባቴ ደውላ «አካኮ፣ አብረኸን ሂድ» ማለቷ ነው። አባቴም እሺ ማለቱ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ጉድ መናገር አለብኝ። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የቀብሯ ቀን ደሳለኝ አልደረሰም። ሰው ሁሉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ መጣ። የት እንደነበር አልተናገረም። አባቴም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሰው ጭኜ ስመላለስ ነበር ብሎ እንዳይመልስልኝ ፈርቼ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከባሌ ጋር የሚነጋገረው በእኔ በኩል ብቻ ነው። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው እንኳ፣ «ጫልቱ፣ ባልሽን ጨው ያቀብል በዪው» ይለኛል።

ሰኞ

ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ሄድን። አባቴ የሚኖረው ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰበታ ተነስተን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ እንጦጦን ወጥተን ስንደርስ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘነው። በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። በአንድ እጁ ዱላ፣ በብብቱ የተጠቀለለ ቁርበት ይዟል። እግሩ ሥር እህቴ ያዘጋጀችው፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በባልዲ ሙሉ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ የክንዴን ያህል የወፈረ ገመድ።

«አባዬ፣ የምንሄድበት እኮ ቆላ ነው። ካፖርቱ ምን ያደርግልሃል?»

«ሙቀት ከሆነ አወልቀዋለሁ። ብርድ ከሆነስ ከየት አመጣዋለሁ?»

«ገመዱስ?»

«ሰው ከቤቱ ሲወጣ ገመድ አይዝም እንዴ?»

ደሳለኝ ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ አባባ?» አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ደህና አድሬያለሁ በዪው።»

ከዚያ የመጣነውን መንገድ ሁሉ ተመልሰን ወረድን። ገላን ስንደርስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። የገላንን መንገድ የማታውቁ፣ የዓለም ገናን የገበያ ቀን አስቡና በየባጃጁ ቦታ ተሳቢ መኪና ተኩበት። የስድስት ዓመቱ ልጄ ናቲ በሁለት ተሳቢዎች መሃል ቆመን «ሽንቴ መጣ» አለ። አባቴ የውሃ ፕላስቲክ አቀበለው። እንዲህ እንዲህ እያልን ወጣን።

ደሳለኝ ለጉዞው ፈቃዱን አውጥቷል፣ የመስመሩን ታፔላም ከመስታወቱ አውርዷል። እግሩ ግን አልሰማም። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ካየ እግሩ በራሱ ጊዜ ፍሬን ይረግጣል። ቢሾፍቱ እስክንደርስ አራት ጊዜ ቆመናል፤ አንዴ እንዲያውም ለማስታወቂያ ሰሌዳ። መቂ ላይ ግን የቆመላት ሴትዮ ጊዜ አልሰጠችንም። በሩን ራሷ ከፈተች።

«ባቱ ነው?»

«ባቱ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ሳያስበው።

ሴትዮዋ የቲማቲም ሣጥኗን እግሬ ላይ አስቀምጣ አባቴ አጠገብ ተሰየመች። ወዲያው በኦሮምኛ ጨዋታ ተያያዙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የከብቶቹን ብዛትና የጉልበቱን ሕመም አወቀች። እሱም የልጆቿን ስም በቅደም ተከተል ያዘ። ቆይታ ዙሪያዋን አየችና ግራ ገባት።

«ይቺ ታክሲ ለምንድን ነው ሌላ ሰው የማትጭነው?»

«እኛ እኮ ለሽርሽር ወጥተን ነው፣ እማማ» አለች ሲፈን። «ሐይቅ ዳር በድንኳን ልናድር ነው።»

ሴትዮዋ አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ የጫንነውን ፍራሽ አሰበች መሰለኝ ደረቷን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ቤታችሁ ምን ሆነ?»

ባቱ ስትወርድ ደሳለኝ ሒሳብ አልቀበልም ቢላት ግማሹን ቲማቲም ጉልበቴ ላይ ገለበጠችልን። «ፈጣሪ ቤታችሁን ይመልስላችሁ» ብላ መርቃን ሄደች።

ከተማው ባቱ ቢባልም ሐይቁን ሁሉም ዝዋይ ነው የሚለው። አባቴ በሰባ ዓመቱ ሐይቅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ዱላውን ተደግፎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ሁላችንም ምን ይል ይሆን ብለን ከኋላው ቆመን ጠበቅን።

«የሱሉልታም ሜዳ ነሐሴ ላይ እንዲሁ ነው» አለ። ዓይኑን ግን አልነቀለም።

ምሳ ዓሣ ነበር፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ። አባቴ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። «ጫልቱ፣ ይሄ ነገር ያየኛል።» ሲፈን ቲማቲም ቆርጣ የዓሣውን ዓይን ሸፈነችለት። ሁለት በላ።

የመጀመሪያውን ቀን ድንኳን ለመትከል ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ በአንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አደርን። ባለቤቷ ከሰበታ መምጣታችንን ስትሰማ የወባ ትንኝ እንደማናውቅ ገብቷት፣ ከራሷ አልጋ ላይ አጎበር ፈትታ አመጣችልን። አባቴ አጎበሩን ሲያይ ለሙሽራ የተዘጋጀ መስሎት ሌላ ክፍል ፈለገ።

ማክሰኞ

ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው። ሻይ በወተት በሉት። ናቲ በጣቱ ቀምሶ ስኳር እንደሌለው አረጋገጠ።

በግራር ዛፎች ሥር ሜዳ ላይ ቦታ ሰጡንና ድንኳን መትከል ጀመርን። በሲፈን ቪዲዮ ላይ ፈረንጁ አባት እያፏጨ በአራት ደቂቃ ነው የሚጨርሰው። የእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መመሪያው የተጻፈው በቻይንኛ ነው፤ ደሳለኝ ግን ወረቀቱን እያገላበጠ እንደሚያነብ ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አባቴ ቁርበቱን ጥላ ሥር አንጥፎ ያየናል።

«ጫልቱ፣ ባልሽን ጀርባው ወደ ነፋሱ ነው የሚዞረው በዪው።»

ደሳለኝ አምስት ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ሰምቷል። ግን እስክነግረው ጠበቀ። «ጀርባው ወደ ነፋሱ ይዙር ተብሏል» አልኩት። «እሺ በያቸው» አለና አዞረው። ድንኳኑ ቆመ።

ትልቁ ለእኔና ለልጆቹ ሆነ። ትንሹ አንድ ምሰሶ ጎደለው። የሸጠልን ሰው ጋ ቢደወል ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ የአባቴ ዱላ ምሰሶ ሆኖ ቆመ። ትንሹ ድንኳን ለማን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም፤ አባቴና ደሳለኝ ግን አንዱ ድንኳኑን፣ ሌላው ሐይቁን እያየ ቀረ።

በዚህ መሃል ጦጣዎች የጭኮውን ባልዲ አገኙት። ክዳን መክፈት ያውቁበታል። ዘወር ስንል አምስት ጦጣዎች ባልዲውን ከበው፣ አንዱ ጭኮውን እየጠቀለለ ያድላል፣ ሌሎቹ ጣታቸውን ይልሳሉ። ሲፈን ጮኸች፣ ናቲ አለቀሰ፣ ደሳለኝ ነጠላ ጫማውን ወርውሮ ጫማው ዛፍ ላይ ቀረ። አባቴ ግን ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ቁርበቱ ላይ እስኪጋደም ሳቀ። «ተዉአቸው! እህትሽ እጇ እንደሚጣፍጥ እነሱም መሰከሩ» አለ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ለጫማው ስንል አንድ ሰዓት ድንጋይ ስንወረውር ቆየን። ማታ የሴትዮዋን ቲማቲም በዳቦ በልተን ገና ሳይመሽ ተኛን።

ረቡዕ

አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ዱላውን አንስቶ ወደ ከብቶቹ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ዛሬም ጎህ ሲቀድ ተነሳና ዱላውን አነሳ። ድንኳኑ ሁለቱም ላይ ተደረመሰ።

እኔ ስወጣ ሜዳው ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነገር ይንፈራገጣል።

«ጫልቱ!» አለ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ። «ባልሽን ምን እንዳደረገ ጠይቂው!»

«ጫልቱ!» አለ የደሳለኝ ድምፅ ከዚያው ሆኖ። «ምሰሶውን የነቀሉት አባባ እንደሆኑ ንገሪያቸው!»

«ቁርበቴ ላይ ቆሟል በዪው!»

«እግሬ ላይ እንደተቀመጡ ንገሪያቸው!»

ዚፑን ከፍቼ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ቁርስ እስክንበላ እኔም አላነጋገርኳቸውም።

ረፋዱ ላይ ወደ አብያታና ሻላ ፓርክ ገባን። ሻላን ከኮረብታው ላይ ቆመን አየነው፤ ሰማያዊ፣ ጥልቅ፣ ዝም ያለ። አብያታ ግን ከሩቅ ሲያዩት ዳር ዳሩ ሮዝ ነው፤ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች ናቸው። የፓርኩ ጠባቂ ከእኛ ጋር ነበርና ከውሃው ራቅ ብሎ «መኪናው እዚህ ይቁም፤ ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለ። ናቲ «ወፎቹ አይታዩኝም» አለ። ደሳለኝ መሬቱን አየ። ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ሲሚንቶ የተለሰነ ሜዳ ነው። «እኔ የዓለም ገናን ክረምት የምነዳ ሰው ነኝ» አለና መኪናዋን ሰላሳ ሜትር ያህል ገፋ አደረጋት።

ነጩ ቅርፊት ነበር። ከሥሩ ጭቃ ነው፤ ያውም የዓለም ገና ዓይነት ታማኝ ጭቃ ሳይሆን እንደ ራሰ ሳሙና የሚያንሸራትት። ሚኒባሷ ቀስ ብላ እስከ በሯ ድረስ ተቀመጠች። ፍላሚንጎዎቹ ቀና ብለው አዩንና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደሳለኝ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር የኋላው ጎማ ይቀበራል። ገፋን፤ ጭቃው ፊታችን ላይ ተረጨ። ጠባቂው አንድም ጊዜ «ነግሬያችሁ ነበር» ሳይል፣ «ቆዩኝ፣ ሰው ላምጣ» ብሎ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አራት በሬ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ይዞ ተመለሰ። ኦቦ ሁሴን ይባላሉ፤ ቤታቸው ከዚያ ብዙ አይርቅም። አባቴ በሬዎቹን ሲያይ አሥር ዓመት ዕድሜ ቀነሰ። ካፖርቱን አውልቆ ገመዱን ከመኪናው ፈታ። ከኦቦ ሁሴን ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጡ ቀንበር ማሰር ያዙ። ሁለቱም የሚያውቁት ሥራ ስለሆነ ብዙ ቃል አልፈጁም።

አባቴ ፊት ቆመና በሬዎቹን በኦሮምኛ አዘዛቸው። በሬዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ደግሞ አዘዛቸው። አንዱ ጆሮውን አራገበ።

«የአርሲ በሬ ናቸው» አሉ ኦቦ ሁሴን በትሕትና። «የእናንተን የቱለማን አነጋገር አልለመዱም።» ራሳቸው አንድ ድምፅ ሲያሰሙ አራቱም በአንዴ ጎተቱ።

አሁን ችግሩ መሪው ሆነ። በሬዎቹ ሲጎትቱ ጎማው በትክክለኛው ጊዜ መዞር አለበት። አባቴ ከፊት ሆኖ ገመዱን ያያል፣ ደሳለኝ መሪው ላይ ነው፣ እኔ በመሃከል ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ።

«ጫልቱ፣ ባልሽን ወደ ቀኝ በዪው!»

«ወደ ቀኝ!» እላለሁ ዞሬ። እኔ እስክዞር በሬዎቹ አልፈዋል። መኪናዋ ወደ ግራ ሰመጠች።

«ቀጥ ያድርገው በዪው!»

«ቀጥ አድርገው!»

«ቀጥ ነው እኮ በያቸው!»

«ቀጥ ነው ይላል!»

«የታል ቀጡ በዪው!»

ልዞር ስል የቀኝ እግሬ ከጫማው ወጣ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ እኔ በግንባሬ ተደፋሁ። ስነሳ አፌ ውስጥ የአብያታ ጨው ነበር። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ነገር በአንዴ መጣብኝ።

«እኔ ስልክ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። «ሰማችሁ? ሁለታችሁም አፍ አላችሁ! እኔ በቃኝ!» እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

 ኦቦ ሁሴን ወደ ወፎቹ ዞሩ። ሲፈን ስልኳን አወረደች። በሬዎቹ ገመዱን ወጥረው ይጠብቃሉ። አባቴ እኔን አየኝ፣ ገመዱን አየ፣ ጎሮሮውን ጠረገ።

«ደሳለኝ!» አለ። ድምፁ እንደ ዛገ በር ሆኖ ወጣ። «ወደ ቀኝ!»

መስኮቱ ውስጥ የባሌ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «እሺ አባባ!»

«ያዝ! አሁን ልቀቅ! ቀጥ! ቀጥ አልኩህ!»

«ቀጥ ነው አባባ!»

«ጎበዝ! በለው!»

ሚኒባሷ እንደ ጥርስ ተነቅላ ወጣች። በሬ የሚጎትታት የሰበታ ታክሲ ነጩ ሜዳ ላይ ስትሄድ፣ ወፎቹ በሺህ ሆነው ተነስተው ሰማዩ ሮዝ ሆነ። የመጣነው ለዚያ ነበር። ሁላችንም ግን ጎማውን ነበር የምናየው።

ኦቦ ሁሴን ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው አዴ ሀዋ ጭቃችንን አይታ ሳቋን ዋጠችና ጀሪካን ውሃ አቀረበች። ከዚያ እርጎ ይዛ መጣች፣ አናቱ ወፍራም። ሁላችንም ተያየን፤ ረቡዕ ነው። አባቴ ጾም ሰብሮ አያውቅም። እርጎ እምቢ ብሎ ሰው ማስቀየምም አያውቅም። እጁ መሃል ላይ ቆመ።

ኦቦ ሁሴን አዩት። «ሀዋ፣ ዛሬ ረቡዕ እኮ ነው» አሉ። እርጎው ወዲያው ወደ ጓዳ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ በዘይትና በበርበሬ የተሠራ ገንፎ መጣ። አዴ ሀዋ የራሷንም ልጆች ያንኑ ገንፎ አበላች፤ እንግዳ ፊት ወተት አይጠጣም አለቻቸው። እኛ ሰፈር ስንት ዓመት አብረን የኖርን ጎረቤቶች እንኳ ይህን ያህል አንጠነቀቅም።

ከምሳ በኋላ እኔ ከቤቱ ጎን የልጆቹን ልብስ አለቀልቃለሁ። አባቴና ደሳለኝ ግራሩ ሥር ቁርበቱ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጥሩ በስተጀርባ መሆኔን አላወቁም፤ ወይም አባቴ አውቆ ይሆናል።

«ያን ቀን የት ነበርክ?» አለ አባቴ። ያለ መግቢያ።

ደሳለኝ ቀስ ብሎ መለሰ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች። ባሕር ዛፉ ጋ። መኪናው ውስጥ።»

«መቼ ደረስክ?»

«ከአስከሬኑ ቀድሜ።»

ውሃው ከእጄ ላይ ይንጠባጠባል። አልተነቃነቅሁም።

«ታዲያ ለምን አልወረድክም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ አባባ። በሩን ከፍቼዋለሁ። ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሰበታ ሲመጡ ቤት መቀመጥ ይሰለቻቸውና ጋቢና ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ይመላለሱ ነበር። ረዳቱን ይቆጡልኛል። የተሳፋሪ ልጅ ይይዛሉ። ያን ቀን ባዶውን ወንበር እያየሁ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ምን ብዬ ልናገር? ሹፌር ሆኜ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ ልበል?»

አባቴ በዱላው መሬቱን ሲቆረቁር ይሰማኛል።

«እኔም መውረድ አልፈለግሁም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ክንዴን ይዞ ነው ያወረደኝ። አንተን የሚይዝ ሰው አልነበረማ።»

የናቲን ሱሪ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሦስት ዓመት አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁትም። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ አንድ ቃል ፈርቼ። ሄጄ መካከላቸው ተቀመጥኩ። ደሳለኝ ፊቴን አይቶ እንደሰማሁ ገባው። እጁን በራሰ እጄ ያዝኩት።

ያን ማታ ኦቦ ሁሴን እንግዳ ሜዳ ላይ አይተኛም ብለው እኛን ቤታቸው አስተኙን። በድንኳኖቹ ውስጥ ልጆቻቸው አደሩ። የሲፈን ዓይን እንባ ሞላ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለድንኳኑ ነበርና።

ሐሙስ

ስለ ሐዋሳ ብዙ አልጽፍም፤ ሄዶ የማያውቅ ሰው እንኳ የሄደ ያህል ያውቃታል። አምስተኛውን ሐይቅ አየን፣ ቆጠራችን ሞላ። ጠዋት አዴ ሀዋ የሰጠችንን ማር ናቲ መኪናው ውስጥ ደፍቶት ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበር የተነሳ ሁሉ ድምፅ እያሰማ ነው የሚነሳው። አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ከባሌ ጋር ስለ ሁሉም ነገር ተከራከሩ። ስለ ጎማ ነፋስ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ መንገዱ ቅያስ። የሦስት ዓመቱን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርሱት ነበር። ዝምታው ናፈቀኝ ማለት ነውር ነው እንጂ ጆሮዬ ደንዝዞ ነበር።

ዓርብ

ሲመለሱ መንገድ ያጥራል። ማርና የደረቀ ጭቃ እየሸተትን ገላንን አለፍን፣ እንጦጦን ወጣን። ሱሉልታ ላይ ብርዱ ተቀበለንና አባቴ ካፖርቱን ለብሶ አንድ በአንድ አየን።

ወደ ቤቱ መታጠፊያ ሳንደርስ፣ «ደሳለኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አቁም» አለ።

ደሳለኝ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። እጁ መሪው ላይ ቀረ። ልጆቹ ወረዱ፣ እኔ ወረድኩ። አባቴ ወርዶ በሩን ሳይዘጋ እዚያው ቆመ። አላስቸኮለውም። ስለ አየሩ ለሲፈን አንድ ሁለት ነገር ነገራት። ቆይቶ የሹፌሩ በር ተከፈተ።

እናቴ ያረፈችው ከግቢው ዳር፣ ሜዳው ወደሚታይበት በኩል ነው። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጎሮሮውን ጠረገና ያወራት ጀመር። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ በሕይወት ሳለች እንደሚያወሩት።

«ሐይቅ አይቼ መጣሁ» አላት። «አምስት ናቸው። ከሱሉልታ ሜዳ እጅግ ይበልጣሉ። ሐዋሳ የሚባለው ላይ ገብቼ ዋኘሁ። እስከ መሃሉ።»

መሬት መሬት ሲያይ የነበረው ደሳለኝ ቀና አለ። «አባባ፣ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ነው እኮ የገቡት።»

«ዝም በል አንተ! እሷ የት አይታ!»

ደሳለኝ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተለወጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴ ዞር ብሎ አላየውም። ድንጋዩ ላይ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ና ተቀመጥ» አለው። «የቀረውን አንተ ንገራት።»